በዋልካ ምድር የባለመዝጊያ ሸረሪት ፍለጋ፦ የኩዊንስላንድ ጉዞ ማስታወሻ

እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ሙዚየም ተመራማሪዎች ዩኦፕሎስ ዲግኒታስ የተባለች አዲስ የሸረሪት ዝርያ ለሳይንስ ማስተዋወቃቸውን ሳነብ ቀልቤን የያዘው የሸረሪቷ ትልቅነት ወይም የቀለሟ ማማር አልነበረም፤ ጉድጓዷን የምትቆፍረው በጥቁር አፈር ውስጥ መሆኑ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ወሎ፣ ጃማ ሲሆን የጃማ ሜዳ ዋልካ ነው፤ በክረምት ጫማ የሚያስቀር፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት መሬት ነው። በዋልካ ላይ የተሠራ ቤት ግድግዳው በየዓመቱ እንደሚሰነጠቅ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አንዲት ሸረሪት ጉድጓድ ቆፍራ፣ በር ሠርታ፣ ከሃያ ዓመት በላይ እንዴት ትኖራለች የሚለው ጥያቄ አንድ ዓመት ሙሉ አልለቀቀኝም። የምኖረው ሜልበርን ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምራለሁ። በ2016 ዓ.ም. የትምህርት ቤት ዕረፍት ከዐቢይ ጾም አጋማሽ ጋር ሲገጥም ብሪዝበን ወደምትኖረው የአክስቴ ልጅ ዘንድ በረርሁ።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «በር» የምንለው የመግቢያውን ክፍተት ሲሆን የሚከፈተውና የሚዘጋው ሳንቃ «መዝጊያ» ነው። እነዚህ ሸረሪቶች ከአፈርና ከድር አጣብቀው የሚሠሩት፣ በአንድ ጎኑ ማጠፊያ ያለው ነገር በትክክል መዝጊያ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ «ባለመዝጊያ ሸረሪት» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 30፤ ብሪዝበን

አክስቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደደረስሁ ያስቀመጠችኝ ምሳ ፊት ነበር። ሙሩካ በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ሱቆች ስላሉ የጾም ምግብ አይቸገሩም፤ ምስር፣ ጎመንና ሽሮ ቀርቦ ጠበቀኝ። ለመንገዳችን አሥር እንጀራ በ22 ዶላር ገዛን። ሜልበርን ፉትስክሬይ ከምገዛው በሁለት ዶላር ያህል ይወደዳል፤ እንጀራው ግን ዓይኑ የጠራና ያልኮመጠጠ ነበር።

ከምሳ በኋላ በወንዙ ማዶ ወዳለው የኩዊንስላንድ ሙዚየም ሄድን። ዋናዎቹን አዳራሾች ማየት ነጻ ነበር። ሕፃናቱ ሁሉ ሙታቡራሳውረስ የተባለውን የአገሩን ዳይኖሰር ከብበው ሲጯጯሁ እኔ የነፍሳቱና የሸረሪቶቹ መስተዋት ፊት ቆሜ ቆየሁ። ጎብኚ የሚያየው ግን ከስብስቡ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ለሳይንስ ዋና የሆኑት ናሙናዎች በአልኮል በተሞሉ ትናንሽ ጠርሙሶች ውስጥ ከሕዝብ ዓይን ርቀው ይቀመጣሉ። አንድ ዝርያ በወጉ ስም ሲሰጠው ስሙ የሚታሰረው ሆሎታይፕ ከሚባል አንድ ናሙና ጋር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ «ይህ ስም የየትኛው ሸረሪት ነው?» ብሎ ቢጠራጠር ጠርሙሱን ከፍቶ ያንኑ አካል ያያል። ዩኦፕሎስ የተባለውን ወገን ሬይንቦው የተባለ ተመራማሪ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሆን፣ ዛሬም አዲስ ዝርያ የሚጽፍ ሰው ከእነዚያ አሮጌ ናሙናዎች ጋር ሳያመሳክር ሊያልፍ አይችልም።

የዕለቱ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ማታ፣ አክስቴ ቤት፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ስትሆን በ150 ዶላር የገዛችው ያገለገለ ማይክሮስኮፕ አላት። ባለፈው ዓመት በልግ የጎረቤቷ የዋና ገንዳ ውስጥ ሰጥሞ የተገኘ ወንድ ባለመዝጊያ ሸረሪት በስፒሪት ውስጥ አስቀምጣ ቆይታለች። ብሪዝበን ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ወንዶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ጉድጓዳቸውን ጥለው ሴት ፍለጋ በሌሊት ይዞራሉ፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ገንዳ ውስጥ ይወድቃሉ።

«ወንድምጋሼ፣ መጀመሪያ ጥርሱን እይ» አለችኝ።

የመርዝ ጥርሶቹ በቤታችን ማዕዘን ድር እንደሚያደራው ሸረሪት ከግራና ከቀኝ እንደ ጉጠት የሚገጥሙ አይደሉም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው እንደ ዶማ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከጥርሶቹ በላይ አጫጭር ጠንካራ እሾሆች ተደርድረዋል፤ አፈሩ የሚቆፈረው በእነሱ ነው። ከስምንቱ እግሮች ፊት ሁለት አጫጭር እጆች አሉ። የወንዱ እጆች ጫፋቸው አብጦ የቦክሰኛ ጓንት ይመስላል፤ ከጓንቱ ሥር የምታብረቀርቅ ቡናማ አምፖል ተንጠልጥላለች፤ ከአምፖሏ ጫፍ ደግሞ እንደ ወስፌ የሾለ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ወንዱ ዘሩን ለሴቷ የሚያቀብለው በዚህ ነው። የአምፖሏ ቅርጽ፣ የቱቦው ርዝመትና ጥምዘት፣ በፊት እግሩ ላይ ያሉት እሾሆች ብዛትና አቀማመጥ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ባለሙያዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ይህን ነው። ሴቷ ይህ ሁሉ ስለሌላት እሷን ለመለየት ዘር የምትቀበልበትን የውስጥ ከረጢት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ችግሩም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሴቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከጉድጓዷ አትርቅም፤ ወንዱ ሲገኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጉድጓድ ውጭ፣ በሰው በረንዳ ወይም በገንዳ ውስጥ ነው። መልካቸውም አይመሳሰልም። ዩኦፕሎስ ዲግኒታስን ብንወስድ ሴቷ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስትደርስ ቀይ ቡናማ ናት፤ ወንዱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ጀርባውና እግሮቹ የማር ቅላት አላቸው፤ ሆዱ ግራጫ ቡናማ ነው። አንድ ቦታ የተገኘን ወንድ ሌላ ቦታ ከተቆፈረች ሴት ጋር «እነዚህ አንድ ናቸው» ለማለት ዛሬ የዘረ መል ምርመራ ትልቅ እርዳታ ይሰጣል፤ ቀድሞ ግን ጥንዱ እስኪገጣጠም ድረስ ሴቲቱ ስም ሳይወጣላት በጠርሙስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ልትቀመጥ ትችል ነበር። እኔ ለተማሪዎቼ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ስል ሰው ጫካ ገብቶ ያልታየ ነገር ድንገት ያየ አስመስዬ ነበር የምነግራቸው። ከዚያ ምሽት ወዲህ እንዲያ ብዬ ለማስተማር አልደፍርም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1፤ ማሌኒ

የአክስቴ ልጅ የምትነዳት ትንሽ መኪና ናት። ከብሪዝበን ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ማሌኒ ወደተባለችው የደጋ ከተማ ወጣን። መንገዱ ሲጠማዘዝና አየሩ ሲቀዘቅዝ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣትን አስታወሰኝ፤ ሐረጎ ላይ የሚገጥመው ጭጋግ ራሱ እዚያ ነበር። ሜሪ ኬርንክሮስ የተባለው ጥብቅ ደን 55 ሄክታር ብቻ ነው። ሦስት እኅትማማች፣ የታይን ቤተሰብ ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ለእናታቸው መታሰቢያ ብለው ለሕዝብ ሰጡት። መግቢያው በፈቃደኝነት ስለሆነ ሁለታችን አሥር ዶላር ሳጥኑ ውስጥ ከተትን።

ወደዚህ የመጣነው ለዲግኒታስ ሳይሆን ለዘመዶቿ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዊልሰን፣ ሪክስና ራቨን የተባሉት ተመራማሪዎች ከደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድ አራት አዲስ የዩኦፕሎስ ዝርያዎችን ሲገልጹ፣ ከአካላቸው ሌላ በመዝጊያቸው አሠራርም ለይተዋቸዋል። የአንዷ መዝጊያ ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል ድቡልቡል ዘርፎች ስላሉት ስሟ ክሬናተስ፣ ባለ ዘርፍ፣ ተባለ። በዚሁ በማሌኒ አካባቢ የምትኖረው ደግሞ ደኑን በሰጡት እኅትማማቾች ታይኔያሩም ተብላለች። በላቲን ሰዋስው መጨረሻዋ ሴቶችን በብዙ ቁጥር የሚያመለክት ስለሆነ ስሙ ሦስቱንም እኅቶች በአንድ ጊዜ ይጠራል። መሬቱ ባይሰጥ ኖሮ ምናልባት ሸረሪቷም ለስም ሳትበቃ ትቀር ነበርና የተገባ ስም ነው።

ከመንገዱ መውጣት ክልክል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ጎንበስ ብለን፣ ባትሪ እያበራን በጎዳናው ዳር ያለውን የአፈር ግድግዳ ስንመረምር መንገደኛው ሁሉ «ምን ጠፋባችሁ?» እያለ ያልፍ ነበር። ተስፋ ቆርጠን ልንመለስ ስንል የአክስቴ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ። ከአፈሩ የግማሽ ጣት ያህል ወጣ ብሎ የቆመ፣ ሽበት የመሰለ ሽፋንና አረንጓዴ ሣር የለበሰ ነገር ነበር፤ ላዩ ላይ ወፍራም መዝጊያ ግጥም ብሎ ተቀምጧል። ማጠፊያው ከላይ በኩል ስለሆነ ተከፍቶ ቢለቀቅ በራሱ ክብደት ይዘጋል። አልነካነውም። የማን ቤት እንደሆነ እርግጠኛ ሆነን ለመናገር ባንችልም፣ ከአፈር ወጥቶ የቆመ መዝጊያ ማየታችን ብቻ ለዕለቱ በቂያችን ነበር።

ያን ሌሊት ጂምፒ ከተማ በ128 ዶላር ሞቴል አደርን።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 2፤ ከጂምፒ እስከ አይድስቮልድ

ጠዋት የማቀዝቀዣውን በር ስንከፍት እንጀራው በረዶ ሆኗል። ማቀዝቀዣው ትንሽ በመሆኑ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር አጣብቀን አስቀምጠነው ኖሮ፣ ሲሟሟ ሁሉም ተፈረካከሰ። አክስቴ የቋጠረችልን በርበሬና ዘይት ስለነበረን በትንሿ የጋዝ ምድጃ ፍርፍር ሠርተን ችግሩን ወደ ቁርስነት ለወጥነው፤ ቀሪውንም ለሦስት ቀን የበላነው እንደዚያው ነው።

ከጂምፒ በስተምዕራብ አገሩ ይደርቃል። ደኑ አልቆ የከብት ግጦሽ ይተካል፤ ሰማዩም ይሰፋል። ጌይንዳ የበርኔት ወንዝ ዳር ያለች የፍራፍሬ አገር ስትሆን የመንደሪን ወቅት መግቢያው ነበር። በመንገድ ዳር አንድ ሰው የሌለበት ዳስ ውስጥ መንደሪን በከረጢት ተቀምጧል፤ ዋጋው አምስት ዶላር መሆኑ በካርቶን ተጽፏል፤ ገንዘቡ የሚጣለው በቆርቆሮ ሣጥን ነው። ሁለት ከረጢት ወስደን አሥር ዶላር ከተትን። በጾም ላይ ላለ መንገደኛ ከዚህ የበለጠ ስንቅ አልነበረም። በወንዙ ውስጥ በሳንባው ጭምር የሚተነፍስ ዓሣ እንደሚኖር በድልድዩ አጠገብ ቆመን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት፣ ቢወጣ ለማየት አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ አልወጣም።

ከመንድበራ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ብርማ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በቀጭኑ ተሰልፈው ይታዩ ጀመር። ብሪጋሎ ይሉታል፤ የእኛ ግራር ዘመድ ነው። በዚህ ዛፍ ስም የብሪጋሎ ቀበቶ የሚባለው ሰፊ አገር በአንድ ወቅት በዚህ ደን የተሸፈነ ነበር። ከሥሩ ያለው ሸክላማ ጥቁር አፈር ለእርሻና ለግጦሽ የተመቸ በመሆኑ፣ በተለይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው የልማት ሕግ ከፍተኛ ምንጣሮ ተካሂዶ ከደኑ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው ጠፍቷል። ዲግኒታስን የገለጹት ተመራማሪዎች መኖሪያዋ በምንጣሮ በጣም ስለተመናመነ ለመጥፋት የተጋለጠች ሳትሆን እንደማትቀር የተናገሩት ለዚህ ነው። ስም ያገኘችው መኖሪያዋ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ይህን በመኪናው መስኮት እያየሁ ሳስብ የጃማን ሜዳ አስታወስሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር በቀር ዛፍ የሚባል የሌለበት ሜዳ ነው። እዚያ ዋልካው ውስጥ ምን ይኖር እንደነበር ማን መዝግቦት ያውቃል? ዩኦፕሎስ የሚመደብበት ኢዲዮፒዴ የተባለው ቤተሰብ በአፍሪካም አባላት አሉት።

አይድስቮልድ በመሸ ጊዜ ገባን። አርቸር የተባሉት ወንድማማቾች ያደጉት ኖርዌይ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1848 እዚህ ሲሰፍሩ የኖርዌይ ሕገ መንግሥት የጸደቀበትን ቦታ ስም ሰጡት። አገሩ ግን ከዚያ በፊት የዋካ ዋካ ሕዝብ አገር ነው፤ ስም ሰጪ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ከተማዋ የበሬ ሥጋ አገር በመሆኗ በእንግዳ ማረፊያው ምግብ ቤት ዝርዝር ላይ ሥጋ የሌለበት ምግብ አጣን። የአክስቴ ልጅ ለወጥ ቤቷ ጾማችንን ስታስረዳት ሴትዮዋ ደብተር አውጥታ «ቅቤም አይሆንም? እንቁላልም?» እያለች ጻፈች፤ ከዚያም የተጠበሰ ድንችና ዱባ፣ በዘይት የተነካካ ቀይ ሥርና ሰላጣ አቀረበችልን። ለሁለታችን 31 ዶላር ከፈልን። ማደሪያው 135 ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3፤ ወደ ሞንቶ በሚወስደው መንገድ

የአክስቴ ልጅ የሥራ ባልደረባ ወላጆች በአይድስቮልድና በሞንቶ መካከል ከብት ያረባሉ፤ ሊያስተናግዱን ፈቅደዋል። ቦታውን ከዚህ የበለጠ አልገልጽም፤ እንዲህ ያሉ ሸረሪቶች የሚኖሩበት ስፍራ ሲታወቅ ቆፍረው ለሽያጭ የሚወስዱ አሉ።

ከአስፋልቱ ወርደን ወደ እርሻው የሚወስደውን አፈር መንገድ እንደያዝን ዝናብ ጀመረ። አሥር ደቂቃ አልዘነበም። ጎማው መጀመሪያ ጭቃ ለበሰ፣ ከዚያ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ቆመ። ወርጄ ለመግፋት ስሞክር እግሬ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ገባና ሳወጣው ጫማዬ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ያልረገጥሁትን መሬት እግሬ ወዲያው አወቀው። ሽታው ራሱ የጃማ ነበር፤ ዋልካ ሲረጥብ የሚሸተው ያ የብረትና የገለባ ሽታ። የአክስቴ ልጅ ብሪዝበን ያደገች ስለሆነች እንዲህ ያለ ጭቃ ሲያጋጥማት የመጀመሪያዋ ነው፤ ነዳጅ በሰጠች ቁጥር መኪናዋ ትቀበር ነበር። «ተዪው፤ ዋልካን አይታገሉትም» ብያት ተቀምጠን ጠበቅን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለርስቱ በትራክተር መጥተው ጎትተው አወጡን።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁጥብ ንግግር ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው የሥጋ ወጥ ሠርተው ጠብቀውን ነበርና ስለ ጾማችን ስንነግራቸው እንዳይቀየሙ ሰጋሁ። እሳቸው ግን ድስቱን ወደ ጎን አድርገው የጓሯቸውን ባቄላና ድንች ቀቀሉልን፤ ቤት የተጋገረ ዳቦም ጨመሩበት። «የኔም አያት ዓርብ ሥጋ አይበሉም ነበር» አሉን።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሽማግሌው ከግጦሹ ዳር ወዳለ የብሪጋሎ ሰልፍ ወሰዱን። ርዝመቱ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። አባታቸው ቦታውን ሲመነጥሩ ለከብት ጥላ ብለው የተዉት ነው። መሬቱ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ በመሆኑ ወጣ ገባ ጉብታና ገንዳ ሠርቷል። ሽማግሌው ከአንድ ግንድ ሥር ቆመው በምርኩዛቸው ሳይነኩ አመለከቱ። እኔ አፈር እንጂ ምንም አላየሁም። «ክብ የሆነ ነገር ፈልግ» አሉኝ። ተንበረከክሁ። ቅጠሉ ትንሽ ሸሸት ያለበት ቦታ ላይ፣ በኮምፓስ የተሳለ የሚመስል የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ታየኝ፤ ስፋቱ የአውስትራሊያ ሃምሳ ሳንቲም ያህል ነው። የመዝጊያው ላይ የደረቀ ሣርና የአፈር ፍርፋሪ እንደ አካባቢው ሁሉ ተለጥፎበታል።

ሲጨልም ተመለስን። ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍነን፣ እግራችንን ሳንጎትት፣ ሁለት ሜትር ርቀን ተቀመጥን። በእነዚህ ሸረሪቶች ዘንድ የእግር ኮቴ ማለት ደወል ነው፤ የአፈሩን ንዝረት ሰምተው ያድናሉ ወይም ይደበቃሉ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ መዝጊያው እንደ ድስት ክዳን በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። አራት የእግር ጫፎች በጠርዙ ላይ ተደርድረው ወጡ፤ ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ፣ እርጥበት ያለባቸው የሚመስሉ። ከጠርዙ ውስጥ የሐር ነጭ ሽፋን ታየ። ዓመት ሙሉ የጠየቅሁት ጥያቄ መልስ ከፊቴ ነበር። ግድግዳውን የያዘው አፈሩ ሳይሆን የተለሰነበት ድር ነው፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲሸሽ ድሩ አብሮ ይለጠጣል፣ ከተቀደደም ባለቤቷ ትጠግነዋለች ብዬ አሰብሁ። ማረሻ ሲገባበት ግን የሚጠገን ነገር አይኖርም። አንዲት ጉንዳን አልፋ ስትሄድ ሸረሪቷ አልተንቀሳቀሰችም። የአክስቴ ልጅ ማስነጠሷን መያዝ አቅቷት ባስነጠሰች ጊዜ መዝጊያው ድምፅ ሳያሰማ ወረደ፤ መስመሩም ጠፋ። እስከ አራት ሰዓት ብንጠብቅም አልተከፈተም።

ሽማግሌው እነዚህን መዝጊያዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቋቸው፣ አንዱን በተለይ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ቦታ እንዳዩት ነገሩኝ። አልተጠራጠርሁም። በምዕራብ አውስትራሊያ ባርባራ ዮርክ ሜይን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 መከታተል የጀመሩት፣ ቁጥር 16 የተባለችው የዚሁ ቤተሰብ ሸረሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መዝጊያዋ በተርብ ተበስቶ እስክትገኝ ድረስ 43 ዓመት በአንድ ጉድጓድ እንደኖረች ታውቋል። ልጆቿም ሲወጡ ከእናታቸው ጉድጓድ እምብዛም ሳይርቁ የየራሳቸውን ይቆፍራሉ። አንዱ ሸለቆ የራሱ ዝርያ የሚኖረው፣ አንዱ ሸለቆ ሲመነጠርም ዝርያው ሁሉ ሊያልቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ያቺ ሦስት መቶ ሜትር የዛፍ ሰልፍ ለከብት ጥላ ተብላ ባትተርፍ ኖሮ እነሱም አይኖሩም ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 4፤ እርሻው ላይ

ጠዋት ቡና ይዘን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን የቤቱ እመቤት ትንሽ ማሰሮ በእጃቸው ይዘው መጡ። ከዝናቡ በኋላ ሌሊት የወጣ አንድ ወንድ ሸረሪት በውሻው የውሃ ሳህን ውስጥ ሰጥሞ አግኝተውታል። ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ እግሮቹ ቀላ ያሉ ናቸው፤ የእጆቹ ጫፍ ያበጠ ነው።

«ይኸው፤ የፈለጋችሁት ነው አይደል?» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ልቤ አዎን ለማለት ቸኩሎ ነበር። ቦታው ይገጥማል፤ አፈሩ ይገጥማል፤ ቀለሙም በፎቶ ካየሁት ጋር የሚቀራረብ መሰለኝ። ነገር ግን ሰኞ ማታ በማይክሮስኮፕ ያየሁት አምፖልና ቱቦ ትዝ አለኝ። በዚህ አገር ውስጥ ቀይ ቡናማ ወንድ ብዙ ዓይነት ነው፤ በዓይን አይቶ ስም መስጠት መገመት ብቻ ነው። የትናንት ማታዋ ሴትም የዚህ ወንድ ዘመድ ትሁን አትሁን የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለንም።

«ገና አላውቅም፤ ሙዚየሙ ካላየው ማንም ሊያውቅ አይችልም» አልኋቸው።

ቅር ሳይሰኙ «እንግዲያው እንላክላቸዋ!» ብለው ስፒሪት ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ። የመንደሪን ማርማላት የነበረበትን ጠርሙስ አጥበው አደረቁ፤ የአክስቴ ልጅ ሸረሪቱን በወረንጦ አንስታ እግሮቹን እያስተካከለች አስገባች፤ እኔ ስፒሪቱን ሞላሁበት። ከዚያ የሚቀረው መለያው ነው። ናሙና ያለ መለያ ለሳይንስ ከንቱ ነው፤ የት፣ መቼ፣ ማን እንዳገኘው ካልታወቀ ስም ቢሰጠውም ቦታ አይኖረውም። የእስክሪብቶ ቀለም በስፒሪት ውስጥ ስለሚሟሟ መለያ በእርሳስ ይጻፋል፤ ሽማግሌው ከአናጢ ሣጥናቸው ጠፍጣፋ እርሳስ አምጥተው በቢላ ቀረጹልኝ። የቦታውን አቀማመጥ ከስልኬ ገለበጥሁ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍሁ። «በረንዳ፣ የውሻ ውሃ ሳህን፣ ከሌሊት ዝናብ በኋላ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ የብሪጋሎ ቅሪት በ200 ሜትር ርቀት» የሚለውንም ጨመርሁ። «ያገኘው» ከሚለው ፊት ለፊት ስሜን ልጽፍ እርሳሱ ወረቀቱን ነክቶ ነበር፤ መለስ አልሁና የማንን ስም እንደምጽፍ የቤቱን እመቤት ጠየቅኋቸው።

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው እርሳሱን ተቀበሉኝና ሙሉ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ቤት ስም ጨምረው፣ በጥንቃቄ ጻፉት።